የጣራ ላይ የውሃ ማሞቂያን ከውርጭ ለመጠበቅ፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ቤት?

ከጥቅምት እስከ ጥር በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋና ሆለታ አካባቢ አንዳንድ ቀን ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነጋል። የዳርቻው ሰው ብርዱን ያውቀዋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ጣራ ላይ ያለው ነው። በዚህ አቅጣጫ ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ብዙዎቹ ሮቶና የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ተሸክመዋል። ቧንቧቸውም በውጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይወርዳል። አንድ ክፉ የውርጭ ሌሊት ይህን ሁሉ ሊሰነጥቀው ይችላል።

መፍትሔ ስትጠይቁ መልሱ ይበዛል። ቧንቧ ሠራተኛው «በስፖንጅ ጠቅልሉት» ይላል። ሻጩ «ማሞቂያውን ቀይሩት» ይላል። ጎረቤት «ማታ ማታ እያንጠባጠባችሁ እደሩ» ይላል። ኤሌክትሪሽያኑ ደግሞ የሚሞቅ ሽቦ ያሳያችኋል። አንዱም አልዋሸም። ግን ለአንዱ ቤት የሚበጀው ለሌላው ገንዘብ ማባከን ነው። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ በእኛ አካባቢ ምርጡ መከላከያ መብራት ሲጠፋም፣ ሰው ሲተኛም ሥራውን የማያቆም ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን እዩት።

መጀመሪያ ውርጩን እንወቀው

ውሃ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ወደ በረዶ ሲለወጥ በ9 ከመቶ ገደማ ይሰፋል። ቧንቧው የሚፈነዳው ግን ብዙ ጊዜ በረዶው ባለበት ቦታ አይደለም። በረዶው ቧንቧውን እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። ከበረዶው እስከ ተዘጋው የቧንቧ አፍ ድረስ ያለው ውሃ መሄጃ ያጣል። በረዶው እየሰፋ ሲገፋው ግፊቱ ይጨምርና ደካማውን ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ መገጣጠሚያውን፣ ይሰነጥቃል። ስንጥቁ ሌሊት አይታወቅም። ረፋድ ላይ በረዶው ሲቀልጥ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ከሄደ በኋላ፣ መፍሰስ ይጀምራል።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚያታልለው ነው። የአየር ትንበያው «ዝቅተኛው 3 ዲግሪ» ቢል እንኳ ጣራችሁ ላይ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ጣራ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ስለዚህ ከዙሪያው አየር የበለጠ ይቀዘቅዛል። የበጋ ሌሊታችን ደግሞ ደረቅና ደመና የሌለው ነው። ደመና ካለ ወይም ነፋስ ከነፈሰ ስጋቱ በጣም ይቀንሳል።

ሦስተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሆኖም ጸጥ ባለ ሌሊት ተዳፋቱ ላይ ያለ ቤት ከታች ሱሉልታ ሜዳ ላይ ካለው ቤት ሊሻል ይችላል። ከፍታ ብቻውን አይፈርድም። በአቃቂና በገላን በኩል ቦታው ዝቅ ስለሚል ብዙ ሰው ይህን ወጪ ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል።

ቤታችሁ የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ቀላል መንገድ አለ። አንደኛው፣ ጥርት ባለ የኅዳር ወይም የታኅሣሥ ማታ በሰፊ ትሪ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ውሃ አድርጋችሁ ጣራ ላይ ማሳደር ነው። ጠዋት ቀጭን በረዶ ከያዘ፣ ቀጫጭን ቧንቧዎቻችሁ አደጋ ላይ ናቸው። ሁለተኛው፣ በአካባቢው ባቄላና ገብስ የሚያርሱ ገበሬዎችን መጠየቅ ነው። ውርጭ የትኛውን ማሳ እንደሚመታ፣ የትኛውን እንደሚያልፍ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። የእኛ ውርጭ አጭር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ፀሐይ እስክትሞቅ ቢቆይ ነው፤ የሚወርደውም ከ0 በታች ጥቂት ዲግሪ ነው። ቀን ከሌት ለሳምንታት በረዶ ለሚያድርባቸው አገሮች የተሠራን መከላከያ ሙሉ በሙሉ መግዛት የለብንም።

በምን እንመዝን?

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ለራሳችሁ መልሱ። መብራት ቢጠፋ መከላከያው ይሠራል? በየማታው የሚነካው ሰው ይፈልጋል? ይህ ሰው ሁልጊዜ ቤት አለ? ውሃ ያባክናል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሲበላሽ እዚሁ የሚጠግነው ይገኛል? ወደ ሻወርና ወደ ወጥ ቤት በሚሄደው ውሃ ውስጥ መርዛማ ነገር የመግባት ዕድል አለው? ዋጋውን ከነዚህ በኋላ ብታዩት ይሻላል። ርካሹ ዘዴ በየማታው ጣራ የሚያስወጣችሁ ከሆነ ርካሽ አይደለም።

ማሞቂያችሁ የትኛው ዓይነት ነው?

ምርጫው ከዚህ ይጀምራል። ጠፍጣፋ መስታወት ያለው፣ ከመስታወቱ በታች ቀጫጭን የመዳብ ቧንቧዎች የተዘረጉበት ከሆነ ለውርጭ እጅግ የተጋለጠ ነው። ውሃው በቀጭኑ መዳብ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ፊቱን ሰጥቶ ያድራል። ሲሰነጠቅም የሚሰነጠቀው ውስጡ ስለሆነ ጥገናው ይከብዳል።

ረጃጅም የመስታወት ቱቦዎች የተደረደሩበት ከሆነ ነገሩ ይቀላል። እያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ግድግዳ አለው፤ በመካከሉም አየር የለም። ሙቀቱ በቀላሉ አይወጣም። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ሞቃት ሆኖ ያድራል። እዚህ የሚሰነጠቀው ቱቦው ሳይሆን ወደ ታንኩ የሚገባውና ከታንኩ የሚወጣው ቧንቧ ነው። የቱቦዎቹን ጤና ለማወቅ ታችኛውን ጫፍ እዩ። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ቅብ አለው። ነጭ ከሆነ ቱቦው አየር ገብቶበታል፤ ሙቀት መያዝ አቁሟል፤ መቀየር አለበት።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተሰቀለ የኤሌክትሪክ ቦይለር ያላችሁ ሰዎች ስለ ቦይለሩ አትጨነቁ። ከሮቶው እስከ ቤት ያለውን ቧንቧ ብቻ ተመልከቱ። 1,000 ሊትር የያዘ ሮቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በረዶ አይሆንም። የሚይዘው ከሮቶው ሥር ያለው ቫልቭና ቀጭኑ መስመር ነው።

መጠቅለል

በጥቁር የጎማ ስፖንጅ ቧንቧን መጠቅለል ሙቀት አይጨምርም። ያለውን ሙቀት ብቻ ያቆያል። ለዚህ ነው በረጅም በረዶ አገር ብቻውን የማይበቃው። ለእኛ ግን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ 0 ዲግሪ የደረሰን ውሃ ሙሉ በሙሉ በረዶ ለማድረግ መውጣት ያለበት ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ከሚወጣው 80 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። በደንብ የተጠቀለለ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ 0 ቢደርስ እንኳ፣ ደፍኖ በረዶ ከመሆኑ በፊት ፀሐይ ትወጣለች።

ችግሩ ያለው ሥራው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቀጥታው ቧንቧ ይጠቀለልና ኤልቦው (መታጠፊያው)፣ ቫልቩና መገጣጠሚያው ራቁቱን ይቀራል። በረዶው የሚጀምረው እዚያ ነው። ስፖንጁ ግድግዳው ቢያንስ 19 ሚሊሜትር ውፍረት ይኑረው። ፀሐይ በጥቂት ዓመት ስለምትፍቀው ላዩን በአሉሚኒየም ቴፕ ሸፍኑት። ጨርቅ፣ ጭድና የማዳበሪያ ከረጢት አታስሩበት። ውሃ ይጠጣል፤ የረጠበ ሽፋን ደግሞ ብርድ አይከላከልም። ጠፍጣፋውን ማሞቂያ ራሱን ግን መጠቅለል አይቻልም፤ ፀሐይ ማግኘት አለበት።

ማፍሰስ

ውሃ የሌለበት ቧንቧ አይፈነዳም። ከሁሉ አስተማማኙ ይህ ነው። መስመሩ ዝቅተኛው ቦታ ላይ የማፍሰሻ ቫልቭ ይገጠማል። ከሮቶው የሚመጣው ይዘጋል፤ የማሞቂያው ኤሌክትሪክ ይጠፋል፤ ማፍሰሻው ይከፈታል፤ አየር እንዲገባ ቤት ውስጥ ያለው የሙቅ ውሃ ቧንቧም ይከፈታል። አየር ካልገባ ውሃው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ቧንቧው በየሜትሩ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ካላዘቀዘቀም የተኛ ውሃ ይቀራል፤ እሱ ይበቃዋል ለመሰንጠቅ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ብዙዎቹ የመስታወት ቱቦ ማሞቂያዎች በዚህ መንገድ አይፈስሱም። ቱቦዎቹ ከታንኩ በታች ስለተንጠለጠሉና ታችኛው ጫፋቸው ድፍን ስለሆነ ውሃው እዚያው ይቀራል። ደግነቱ ቱቦው ራሱን ይጠብቃል፤ የሚፈስሰው ቧንቧው ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ባዶ የሆነ ማሞቂያ ላይ በቀትር ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቁ። የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። መልሶ መሙላት ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ሲመሽ ነው።

ማፍሰስ የሚስማማው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚኖርበት ቤት ነው። በየማታው ማድረግ ግን ማንም አይዘልቅበትም። አንድ ማታ ይረሳል፤ ውርጩም ያን ማታ ይመጣል።

ማንጠባጠብ

ነፃ ነው፤ ወዲያው ይሠራል፤ የተከፈተ አፍ ግፊቱን ስለሚያስተነፍስ ቧንቧውን ያድናል። ለአንድ ድንገተኛ ሌሊት ይሁን። ለአንድ ወቅት ግን ውሃ በፈረቃ በሚጠብቅ ሰፈር እኔ አልመክረውም።

የሚሞቅ ሽቦ

በቧንቧው ላይ ይለጠፋል፤ ከላዩ ስፖንጅ ይደረግበታል። ጥሩው ዓይነት እንደ ብርዱ መጠን ኃይሉን ራሱ የሚቀንስና የሚጨምር ነው። በሜትር ከ10 እስከ 20 ዋት ገደማ ይወስዳል። 10 ሜትር ቧንቧ በ15 ዋት ቢሰላ 150 ዋት ይሆናል። 6 ሰዓት ቢሠራ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ነው፤ ክፍያው አያስፈራም።

የሚያስፈራው መብራት መጥፋቱ ነው። ሽቦው የሚያስፈልጋችሁ በጣም በበረደው ሌሊት ነው፤ ያን ሌሊት መብራት ከሌለ ምንም የላችሁም። ስለዚህ ሽቦውን ብቻውን አትመኑት፤ ከጥሩ ሽፋን ጋር ይሁን። ለፕላስቲክ ቧንቧ ሲሆን ዝቅተኛ ሙቀት ያለውን ምረጡ። ሙቀቱን አይቶ ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ቴርሞስታት፣ እንዲሁም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው። ጣራ ላይ ውሃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ናቸውና በዚህ ላይ አትቆጥቡ።

ራሱን የሚከፍት ቫልቭ

አውሮፓ ውስጥ በካምፕ መኪና የሚጓዙ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። የመኪናቸው ማሞቂያ ላይ ያለው ቫልቭ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ ያለ ኤሌክትሪክ ይከፈትና ውሃውን ያፈስሳል። እነሱ ጋ የሚፈስሰው ጥቂት ሊትር ነው። እኛ ጋ ግን ከቫልቩ በላይ ሙሉ ሮቶ አለ። ቫልቩ ሲከፈት ከሮቶው የሚመጣው ካልተዘጋ ጠዋት ባዶ ሮቶ ታገኛላችሁ። ደለልና ካልክ (ከውሃ የሚቀር ነጭ ዝቃጭ) ሲይዘውም አልዘጋ ወይም አልከፈት ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለእኛ የውሃ አቅርቦት ግን አልተሠራም።

ግላይኮል

እዚህ ማሞቂያው ውስጥ የሚዞረው ተራ ውሃ ሳይሆን ግላይኮል የተቀላቀለበት፣ በብርድ የማይረጋ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ሙቀቱን በታንኩ ግድግዳ በኩል ለሻወሩ ውሃ ያቀብላል። ሁለቱ አይገናኙም። 30 ከመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለው ድብልቅ እስከ 13 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይቋቋማል። ከእኛ ውርጭ በላይ ነው። መብራት አይፈልግም፤ ሰው አይፈልግም። ጠፍጣፋ ማሞቂያን በእርግጠኝነት የሚያድነውም ይህ ነው።

ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ለዚሁ የተሠራ ባለ ሁለት ግድግዳ ታንክ፣ የማስፋፊያ ታንክና የደህንነት ቫልቭ ይፈልጋል። ፈሳሹም በብዙ ሙቀት ስለሚበላሽ በየጥቂት ዓመቱ መፈተሽና መቀየር አለበት። አንድ ነገር ደግሜ እላለሁ፦ የመኪና ራዲያተር ፈሳሽ በፍጹም አይገባበትም። አብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል ነው። እሱ መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ስለሚጣፍጥ ልጅ ላይጠረጥረው ይችላል። ሠራተኛው «ያው ነው» ቢላችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ቧንቧውን ከብርድ ማስወጣት

ይህን ማንም አይሸጥላችሁም፤ ለዚህም ነው ብዙም የማይነገረው። ከጣራ የሚወርደው ቧንቧ በውጭ ግድግዳ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ እንዲወርድ ማድረግ ነው። በግቢ የሚያልፈው መስመር ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ይቀበር። የእኛ ውርጭ ከአፈሩ ገጽ እምብዛም አይዘልቅም። ለተቀበረው መስመር ጥቁሩ የፖሊኤቲሊን ጥቅል ቧንቧ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ስለሚለጠጥ በረዶን ከብረት ይበልጥ ይቋቋማል። ጋልቫናይዝድ ብረት አይለጠጥም፤ በጥርሱ በኩል ይሰነጠቃል። ፒፒአር (በሙቀት እየተበየደ የሚገጠመው የፕላስቲክ ቧንቧ) መካከለኛ ነው፤ ግን ውጭ ከዋለ ፀሐይ ታደርቀዋለች፤ የደረቀው ደግሞ በብርድ ቶሎ ይሰበራል።

ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ይህ ሥራ ብዙ ወጪ የለውም። ግድግዳው ሳይለሰን ቧንቧ ሠራተኛውን ማናገር ብቻ ነው። ላለቀ ቤት ግን መፈንቀል ስላለው ያስወጣል።

በአንድ ዓይን ለማየት

| ዘዴ | መነሻ ወጪ | መብራት ይፈልጋል? | በየማታው ሰው ይፈልጋል? | ውሃ ያባክናል? | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| መጠቅለል | ዝቅተኛ | አይ | አይ | አይ | ለቧንቧ ሁሉ፤ ለጠፍጣፋ ማሞቂያ ብቻውን አይበቃም |
| ማፍሰስ | ዝቅተኛ | አይ | አዎ | ጥቂት | ሰው ለማያድርበት ቤት |
| ማንጠባጠብ | የለም | አይ | አዎ | ብዙ | ለድንገተኛ ሌሊት |
| የሚሞቅ ሽቦ | መካከለኛ | አዎ | አይ | አይ | ለአጭር የተጋለጠ መስመር |
| ራሱን የሚከፍት ቫልቭ | መካከለኛ | አይ | አይ | ሊያባክን ይችላል | ከሮቶ ለተለየ መስመር |
| ግላይኮል | ከፍተኛ | አይ | አይ | አይ | ለጠፍጣፋ ማሞቂያ፣ ለክፉ ውርጭ ቦታ |
| ቧንቧ ማስገባትና መቅበር | በግንባታ ጊዜ ዝቅተኛ፣ ካለቀ ከፍተኛ | አይ | አይ | አይ | ለሁሉም |
| ወደ ቱቦ ማሞቂያ መቀየር | ከፍተኛ | አይ | አይ | አይ | ጠፍጣፋው አርጅቶ ከሆነ |

እናንተስ የትኛውን?

ቱቦ ያለው ማሞቂያ ካላችሁና በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ መገጣጠሚያውን ሳይቀር በሙሉ ጠቅልሉ። ሌላ አያስፈልግም። የተረፈ ገንዘብ ካለ በአሉሚኒየም ሽፋኑ ላይ አውሉት።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠፍጣፋ ማሞቂያ ያላችሁ ሰዎች ከባዱ ምርጫ የእናንተ ነው። ማሞቂያው አዲስ ከሆነና ታንኩ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ግላይኮል ቀይሩት። ካረጀ ግን በላዩ ገንዘብ አታፍስሱ፤ ሲቀየር ቱቦ ያለውን ግዙ። እስከዚያው የማፍሰሻ ቫልቭ አስገጥሙና ጥርት ባለ ማታ አፍስሱት።

ቤቱ የሚከራይ ከሆነ ተከራይ በየማታው ቫልቭ እንዲዘጋ አትጠብቁ። ሰው የማይፈልገውን ዘዴ ምረጡ። ቤቱ የሳምንት መጨረሻ ማረፊያ ከሆነ ደግሞ ማፍሰስ በቂ ነው። ጥበቃው እንዲያደርገው ከፈለጋችሁ ቫልቮቹን በቀለም ለዩለት፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚዘጋም አብራችሁ ጣራ ወጥታችሁ አሳዩት። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም እንግዳ ማረፊያ ከሆነና ጀነሬተር ካለ፣ የሚሞቅ ሽቦ ከሽፋን ጋር ያዋጣል።

ሥራውን በመስከረም አሠሩት። በኅዳር ቧንቧ ሠራተኛው ሁሉ የተሰነጠቀ ሲያሳድድ ነው የሚውለው። ቧንቧው ሳይጠቀለል በፊትም ውሃ ሞልታችሁ መገጣጠሚያው እንደማያፈስ እዩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጠዋት ውሃው እምቢ ካለ፣ ጣራው ላይ ለመውጣት አትቸኩሉ። ውርጭ የያዘ ቆርቆሮ ያንሸራትታል። ቤት ያለውን ቧንቧ ክፈቱትና ፀሐይዋን ጠብቁ። በእሳት ወይም በችቦ ማቅለጥ ፒፒአሩን ያቀልጠዋል፤ የፈላ ውሃም መስታወቱን ይሰነጥቃል። ከቸኮላችሁ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከቧንቧው አፍ ጀምራችሁ ወደ በረዶው እየሄዳችሁ አድርጉ። ውሃው መውረድ ሲጀምር ከሮቶው ያለውን ቫልቭ በግማሽ ብቻ ክፈቱ፤ መስመሩን ዞራችሁ እርጥበት ፈልጉ፤ ካጣችሁ ሙሉውን ክፈቱት።